በሠሪው እጅ ብቻ

ኦቶኒኤል ባራሃስ ስድሳ ዓመት በሞላበት ሳምንት በቆሻሻ መኪና በር ላይ አጋዘን ይሥል ነበር። አጋዘኑ በጋሻ ቅርጽ በተከበበ ቀይ መደብ ላይ የቆመ ነው፤ ከሰኮናው ሥር ነጭ ወንዝ ይፈሳል፣ ከጀርባው የበቆሎ አገዳ በቅሏል። የሳን አንሴልሞ ከተማ አርማ ማለት ይኸው ነው። መጀመሪያ የሣለው ኦቶኒኤል ራሱ ነው፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደጋገመው መቁጠር የተወው በሦስተኛው ከንቲባ ዘመን ሲሆን፣ አሁን ወንበሩ ላይ ያለው ዐሥራ አንደኛው ነው።

«ማኤስትሮ፣» አለው የመኪናው ሹፌር ታቾ፣ ማንጎውን በርበሬ ነስንሶ እየገመጠ፣ «ይሄ እንስሳ ግን ሽታውን እንዴት ይችለዋል?»

«እኛስ አንተን ስንት ዓመት ችለን የለ?»

«እሱስ ልክ ብለዋል። ግን እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ እታጠባለሁ። እሱ እዚሁ ነው።»

ኦቶኒኤል የብሩሹን ጫፍ በጣቶቹ አሹሎ የአጋዘኑን ዓይን አስቀመጠ። ዓይኑን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ከዚያ ቀለሙን ይዞ ወደ ሁለተኛው መኪና አለፈ፤ ከሁለተኛው ኋላ ደግሞ ሁለት ሌሎች ተሰልፈው ቆመዋል።

ሰው ጠላቱ ሲያስረው ይታዘንለታል። በገዛ አፉ የታሰረውን ግን ምን ይሉታል? የሳን አንሴልሞ ሰው «ማኤስትሮ» ይለዋል፣ ቆቡን እያነሳ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ኦቶኒኤል በወጣትነቱ ዋና ከተማ ሄዶ ለታላላቆቹ የግድግዳ ሠዓሊዎች ቀለም ፈጭቷል፣ ኖራ አቡክቷል፣ መሰላል ይዟል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ተመለሰ። በዚያው ዓመት ከተማው አርማ የለኝም ብሎ ውድድር አወጣ። አርባ ምናምን ሰው ንስር ሣለ፤ ኦቶኒኤል ብቻ አጋዘን ሣለ፤ አሸነፈ። ሽልማቱ ገንዘብ ሳይሆን ግድግዳ ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ ዋና ደረጃ ግድግዳ፣ ቀኙም ግራውም። ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ከዚህ የበለጠ ሽልማት ምን አለ? ቀኝ ጎኑን በአንድ ዓመት ጨረሰው። ማዕድን ቆፋሪዎቹን፣ የስንዴ ጋሪዎቹን፣ መሥራቹን ቄስ ከነበቅሎው አስገባቸው። በቅሎዋን ያየ ሁሉ እስከዛሬ ቆም ይላል።

ግራ ጎኑን ያቆየው ለክሪሳንታ ነው። ክሪሳንታ ሚስቱ ናት። የተወለደችው ኤል ቫዶ በሚባል የወንዝ ዳር መንደር ሲሆን፣ ግድቡ ተሠርቶ ውሃው ሲተኛበት መንደሩ ከነቤቱ ከነመቃብሩ ከሥር ቀረ። ሰዎቹም ተበተኑ። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ አባቷ ዶን ናቦር የጀልባ ሰው ነበር፣ ሰውና ከብት ከወንዝ ወዲያ ወዲህ ሲያሻግር የኖረ፣ ምስሉ በውሃ ላይ ካልሆነ የትም ታይቶ የማያውቅ። የዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያለው ክሪሳንታ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። ኦቶኒኤል ሲያገባት «ግራ ጎኑ ላይ መንደርሽን በሙሉ አቆምልሻለሁ» አላት። በግቢያቸው ጥግ ጉድጓድ ቆፍሮ ለዚያ ሥራ የሚሆን ኖራ በውሃ ነከረ። ኖራ ደግሞ በውሃ ውስጥ በቆየ ቁጥር እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ መድረቅ ብቻ የለበትም። ክሪሳንታ በየቅዳሜው ባልዲ ውሃ ትጨምርበታለች። ልጅ አልወለዱም። «ልጅ ቢኖረን ይህን ያህል አላጠባውም ነበር» ትላለች ባልዲውን ስትደፋ።

ታዲያ ግራው ጎን ለምን ባዶ ቀረ? በአንድ ታፔላ ምክንያት ነው።

አርማው በጸደቀ በሁለተኛው ወር አንድ የታፔላ ሠዓሊ በፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሣለው። ሰውዬው አልሰነፈም፤ ቀለሙም ወንዙም ደህና ነው። አጋዘኑን ግን ወደ ተሳሳተው ጎን አዞረው። በአርማ ሥራ ቀኝ ማለት የሚያየው ሰው ቀኝ አይደለም፤ ጋሻውን የተሸከመው ሰው ቀኝ ነው። አውሬው ወደ ተሸካሚው ቀኝ ካየ ጠላቱን ይገጥማል፣ ወደ ግራው ከዞረ ይሸሻል። ይህን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ቢሆንም ኦቶኒኤል ለሰዉ ሁሉ አስረድቶ ስለነበር ከተማው በሳቅ ፈረሰ። «አጋዘናችን እንኳ ከፖሊስ እየሸሸ ነው» ተባለ። ፖሊሶቹም ሳቁ። ያልሳቀው ኦቶኒኤል ብቻ ነው። ደሙ ፈልቶ በቀጥታ ወደ ያኔው ከንቲባ ወደ ዶን ኤሪቤርቶ ቢሮ ገባና፣ እየተረቀቀ በነበረው የአርማ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመርልኝ አለ። ቃሉንም ራሱ አስጻፈ፤ አንቀጽ ዘጠኝ፣ «የከተማው አርማ በየትኛውም ቦታና በየትኛውም ነገር ላይ የሚሣለው በሠሪው እጅ ብቻ ነው።»

«በየትኛውም ነገር?» አለ ዶን ኤሪቤርቶ፣ ብዕሩን አንጠልጥሎ።

«በየትኛውም።»

«ኋላ እንዳይቆጭህ።»

«የሚቆጨኝ እንደዚያ ያለ አጋዘን ሁለተኛ ካየሁ ነው።»

ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ አጸደቀለት። በዚያ ቀን ኦቶኒኤል ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ። ክሪሳንታ ግን ሰምታ «በየትኛውም ነገር ማለት ስንት ነገር ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ስንት እንደሆነ ቀስ በቀስ ታወቀ። የትምህርት ቤት በሮች፣ የውሃ ታንከሮች፣ የፖሊስ መኪናዎች፣ አምቡላንሱ፣ ቄራው፣ የምርጫ ሳጥኖች፣ የኳስ ቡድኑ ባንዲራ፣ የሞተ የምክር ቤት አባል የሬሳ ሳጥን። ከንቲባ በየሦስት ዓመቱ ይቀየራል፤ አዲስ የመጣው ሁሉ ደግሞ የበፊተኛውን ቀለም አስፍቆ በአዲስ ያስቀባል። ኦቶኒኤል የልስን ካዞላውን ይዞ ወደ ደረጃው በወጣ ቁጥር አንዱ ከሥር የሱሪውን ጫፍ ይጎትተዋል። «ማኤስትሮ፣ ክሊኒኩ ነገ ይመረቃል።» ይወርዳል። አዲስ ከንቲባ በተሾመ ቁጥር ደግሞ እንዳይረሳ ብሎ ቢሮው ድረስ ገብቶ አንቀጽ ዘጠኝን በቃሉ ይነግረዋል። ባዶውን ግድግዳ ሰዉ በጀርባው ቀባው። የልደት ወረቀት ለማውጣት የሚሰለፈው ሕዝብ ደረጃው ላይ ቆሞ ይደገፍበታል፤ በትከሻ ልክ የቅባት ጥቁር መስመር ከታች እስከ ላይ ተሰምሮበታል።

በአራተኛው ከንቲባ ዘመን ሌአንድሮ የሚባል የድሮ ጓደኛው ከጓዳላሃራ ጻፈለት። የዩኒቨርሲቲ ግድግዳ አግኝቻለሁ፣ ሁለት ዓመት ይወስዳል፣ ና ግማሹን ያዝ ይላል። ኦቶኒኤል አንቀጽ ዘጠኝን ገልብጦ ላከለት። ሌአንድሮ «ታዲያ ለምን አታስሽረውም?» ብሎ በአንድ መስመር መለሰ። ለዚያ ደብዳቤ ኦቶኒኤል መልስ አልጻፈም። ምን ብሎ ይጽፋል? እውነቱን ለመናገር፣ መታሰሩን ወዶት ነበር። ሰው ሁሉ ይፈልገዋል፣ ያለ እሱ እጅ ከተማው አንድ በር አይከፍትም። ግድግዳው ደግሞ ያስፈራዋል። አጋዘን ሲሥል ተሳስቶ አያውቅም፤ በውሃ የሰጠመ መንደር ሥሎ ግን ቢሳሳት ለማን ይናገራል? «ነገ» እያለ አደረ፣ «ከዚህኛው ከንቲባ በኋላ» እያለ ከረመ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ትለዋለች ክሪሳንታ፣ ቀለም የነካ ሸሚዙን ስትዘፈዝፍ። ይስቃል።

በዚያ ስድሳ በሞላበት ዓመት፣ በመጋቢት፣ ክሪሳንታን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ስኳር ካለባት ቆይታለች። ሐኪሙ በሁለቱም ዓይኖቿ ጀርባ ደም እየፈሰሰ መሆኑን ነገራቸው፤ እስከ ዝናቡ ወራት ምናልባት ታያለች፣ ከዚያ በኋላ ግን ተስፋ አልሰጥም አለ። በአውቶቡስ ሲመለሱ ክሪሳንታ በመስኮት ወደ ውጪ እያየች ብዙ መንገድ ሄደች።

«የአባቴን ቅንድብ ነግሬህ አውቃለሁ?» አለችው በመጨረሻ።

«ሺህ ጊዜ።»

«እንግዲያው ሣለው። ማየት ሳልተው ሣለውና ልየው። ሌላ ምን ጠየቅሁህ?»

ሌላ ምንም ጠይቃው አታውቅም።

ክፋቱ፣ በዚያው ዓመት ከተማው አራት መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው። ዐሥራ አንደኛው ከንቲባ ኢንጂነር ፊደንሲዮ አርሴ ይባላል፤ ሲናገር የሚያዳምጠው ሰው ሁሉ ሕዝባዊ ስብሰባ የሚመስለው፣ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ለበዓሉ አራት አዲስ የቆሻሻ መኪና፣ ስድሳ ሁለት የአደባባይ አግዳሚ ወንበርና አንድ የሙዚቀኞች ሰገነት አዘዘ፤ ሁሉም ላይ አርማ ይደረግበታል። ኦቶኒኤል መኪናዎቹን አጠናቅቆ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ።

«ኢንጂነር፣ ወንበሮቹን ሌላ ሰው ይሣላቸው። ገበያው ጀርባ ሁለት ጎበዝ የታፔላ ሠዓሊዎች አሉ። እኔ ግድግዳውን ልጨርስ።»

«የትኛውን ግድግዳ?»

«የደረጃውን። ግራ ጎኑን።»

ኢንጂነሩ በየቀኑ አራት ጊዜ የሚወጣና የሚወርድበት ደረጃ ነው። ትንሽ አሰበ። «ባዶ ነው እንዴ እሱ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ከጠበቀ እስከ በዓሉ ቢጠብቅ ምን ይለዋል?»

«እሱ ይጠብቃል። የሚስቴ ዓይን ነው የማይጠብቀው።»

ኢንጂነሩ ከወንበሩ ተነሥቶ መጥቶ ትከሻውን ያዘው። «ከልቤ አዝናለሁ፣ ማኤስትሮ። ዶኛ ክሪሳንታን እናቴ ትወዳታለች። ግን ሕጉስ? የተሾምኩ ዕለት እርስዎ ነዎት በዚህ በር ገብተው አንቀጽ ዘጠኝን በቃልዎ የነገሩኝ። በአራት መቶኛ ዓመቱ የከተማውን ደንብ የጣሰ ከንቲባ ልባል?»

«ይሻርልኛ።»

«ማመልከቻ ይጻፉ። የአንቀጹ ሙሉ ቃል ከነቀኑ ከነቁጥሩ ይያያዝበት። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ አቀርበዋለሁ።»

«መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«ከበዓሉ በኋላ ሳይሆን አይቀርም» አለ ኢንጂነሩ፣ አፈር ብሎ።

ኦቶኒኤል ግን ማመልከቻውን ለመጻፍ ቆረጠ፤ ምናልባት በመሃል ቢሰበሰቡስ? በቀን ወንበር እየሣለ ሦስት ጊዜ ወደ መዝገብ ቤቱ ተመላለሰ። መዝገብ ቤቱ ከደረጃው ሥር ነው። የምትጠብቀው ሴኞሪታ ኤዱቪሄስ በሐሩሩም ቀን ሹራብ የማታወልቅ፣ አቧራ የሚያስነጥሳት፣ ወረቀት ግን አሳልፋ የማትሰጥ ሴት ናት። በሦስተኛው ጉዞው አንድ ቡናማ ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቶ ጠበቀው።

«ዶን ኦቶኒኤል፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማሻለሁ፣ ቀለሙ እየደረቀብኝ ነው።»

«ይቀመጡ ብዬዎታለሁ።»

ተቀመጠ። ኤዱቪሄስ አንዱን ወረቀት ወደ እሱ ገፋችው። «ደንቡ ይኸውልዎት። ዐሥራ አራት አንቀጽ ነው። ዘጠነኛው እርስዎ እንደሚሉት ነው፣ አንዲት ቃል አልጎደለችም። ምክር ቤቱም አጽድቆታል።»

«እና?»

«እና በክፍለ ግዛቱ የሕግ ጋዜጣ ያልወጣ ደንብ፣ ደንብ አይደለም። ወረቀት ነው።»

«ወጥቷል እንጂ።»

«አልወጣም። ልከውት ነበር፣ ተመልሶ መጣ። ደብዳቤው ይኸውልዎት።»

ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው። የከተማው አዲስ ማኅተም ስላላረፈበት ተመልሷል፤ ማኅተም ተደርጎበት በድጋሚ ይላክ ይላል። በድጋሚ የላከው የለም። ዶን ኤሪቤርቶ ዘመኑ አልቆ ሄደ፣ ፋይሉም መደርደሪያ ላይ ተኛ።

ኦቶኒኤል ማኅተሙን አስታወሰ። በአጋዘኑ ምስል የሚቀረጸው አዲስ ማኅተም ንድፉ የሚጠበቀው ከእሱ ነበር። አራት ወር ሙሉ አልሰጥም ብሎ ይዞት ነበር፤ የፊተኛው ሰኮና ስላልጣመው። ሦስት ጊዜ ሰው ልከውበት ነበር። «ይቆዩ፣ ሰኮናው አልቆመም» ብሎ መልሷቸዋል።

«ታዲያ ያ ሁሉ ከንቲባ?» አለ።

«ማን አንብቦት ያውቃል? የሚነግሯቸው እርስዎ ነበሩ። እኔም ብሆን የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው።»

ከራሳቸው በላይ፣ በደረጃው፣ ሰው እየተንጋጋ ይወጣል ይወርዳል። ኦቶኒኤል ያንን እየሰማ ቁጭ አለ። የጓዳላሃራውን ግድግዳ አሰበ። ከክሪሳንታ ጋር አንድም ቀን ባሕር ሳያዩ መቅረታቸውን አሰበ፤ በየዓመቱ «ከፋሲካ በኋላ» እያለ። ያሰረው ሰው እንዳልነበረ፣ በማንኛዋም ቀን ተነሥቶ ሊሄድ ይችል እንደነበር አሁን ገባው። የሚረግመው ሰው ፈልጎ አጣ፤ ዶን ኤሪቤርቶ እንኳ «ኋላ እንዳይቆጭህ» ብሎት ነበር።

ኤዱቪሄስ አየችውና አሳዘናት። «ለማንም አልተናገርኩም» አለችው ዝቅ ብላ። «ከፈለጉ ደግሞ ዛሬውኑ ማኅተም አስደርጌ እልከዋለሁ። በሁለት ሳምንት ይወጣል። ሥራዎን ማንም አይነካብዎትም።»

ይህን ያለችው በደግነት ነው። የሚያሳፍረው ግን፣ ኦቶኒኤል «ላኪው» ሊላት አፉ ተከፍቶ ነበር። አጋዘን ይዞ የኖረ እጅ ያለ አጋዘን ምን ሊሆን ነው? አፉን መልሶ ገጠመ።

«ተይው» አላት። «እዚያው ይተኛ።»

ሲወጣ ሁለት ወንበሮች ግማሻቸው ተሥሎ አደባባዩ ላይ ቆመዋል። ታቾ ከመኪናው ውስጥ «ማኤስትሮ፣ ቀለምዎ ክፍት ነው!» አለው። ዞር ብሎም አላየ።

ክሪሳንታ ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ ጠቅልላ፣ ቦሎቄውን አሙቃ ትጠብቀው ነበር። ስትጨልፍለት ጥቂቱ ከሳህኑ ጠርዝ ውጪ ፈሰሰ። ኦቶኒኤል በራሱ ሐሳብ ተይዞ ነበርና ሳያስበው በጨርቅ ጠረገው።

«ምን አሉህ?»

«ፈቱኝ።»

እጇ ጭልፋው ላይ ቀረ። «ዛሬ?»

«ዛሬ። አንቀጹን ሻሩት።»

«አየህ! ሰዎች ናቸው እኮ፣ ልብ አላቸው። አንተ መች ለምነህ ታውቃለህ? ሠላሳ ዓመት አፍህን ከፍተህ ብትጠይቃቸው ኖሮ...»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አለ እንዴ ይሄ ሽማግሌ? ትኩሳት የለህም?» ብላ ግንባሩን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ እየሳቀች።

እውነቱን ሊነግራት አልቻለም። ያን ሁሉ ዓመት ኖራውን ውሃ ስታጠጣ የኖረችው የጠበቀችው ነገር በሕግ ተይዞብኛል ብላ ነው። ሕግ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ ብሎ እንዴት ይንገራት? ሆድ ይፍጀው ብሎ ቦሎቄውን በላ።

በማግስቱ ጉድጓዱን ከፈተ። ኖራው እንደ እርጎ ረግቶ ነጭ ሆኖ ጠበቀው። በሰዎች ጀርባ የጠቆረውን አሮጌ ልስን ፍቆ፣ የመጀመሪያውን ሻካራ ልስን ለመለሰን ዐሥር ቀን ፈጀበት። በአራተኛው ቀን ኢንጂነር ፊደንሲዮ ደረጃው ላይ ቆመ።

«ወንበሮቹስ፣ ማኤስትሮ?»

«እጅ ያለው ሰው ይሣላቸው።»

«አንቀጽ ዘጠኝስ?»

«ኤዱቪሄስን ይጠይቋት፣ ከሥር ናት።»

ኢንጂነሩ ወረደ። ተመልሶ ሲወጣ ቀና ብሎ ሳያይ በአጠገቡ አለፈ፤ ያፈረው በማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ የታፔላ ሠዓሊዎቹ ተጠሩ። ከስድሳ ሁለቱ ወንበር በዐሥራ ዘጠኙ ላይ አጋዘኑ ወደ ተሳሳተው ጎን ዞሮ ይሸሻል። ኦቶኒኤል አንድ ጠዋት አሸዋ ተሸክሞ በአደባባዩ ሲያልፍ አያቸው። እግሩ ቀጥ አለ። የመጀመሪያውን ወንበር ብዙ ቆሞ ካየው በኋላ አሸዋውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ሄደ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን መሣል ጀመረ። በእርጥብ ልስን መሣል ጊዜ አይሰጥም፤ ጠዋት የዕለቱን ድርሻ ይለስናሉ፣ ልስኑ ሳይደርቅ ይሥሉበታል፣ ሲመሽ ያልተሣለውን ቆርጠው ይጥላሉ። ኦቶኒኤል የመጀመሪያውን ድርሻ ለዶን ናቦር ፊት ለካ። ክሪሳንታ ጥቁር ሻርፗን ለብሳ መጣች፤ በደረጃው መሃል ማረፊያ ላይ ወንበር አስቀመጠላት። የልደት ወረቀት የሚጠብቀው ሕዝብ አንዱ ሌላውን «ዝም በሉ፣ ማኤስትሮ ሊሥል ነው» እያለ ወደ ቀኝ ጎን ተጠጋ። ኦቶኒኤል ቀለሙን በቁልቋል ውሃ አርጥቦ ጀመረ።

«ንገሪኝ» አላት።

«ግንባሩ ጠባብ ነው። ጸጉሩ ከታች ነው የሚጀምረው፣ እንደ እኔ።»

«እሺ።»

«ጆሮው ወጣ ይበል። ከምታስበው በላይ ወጣ ይበል፤ ልጆች ‹ዶን ናቦር በነፋስ ቀን ጀልባ አያስፈልገውም› ይሉት ነበር።» ሰልፉ ውስጥ ያሉ ሳቁ። «ቅንድቡ ደግሞ፣ የግራው፣ የጀልባ ገመድ በጥሶት መሃል ላይ ተከፍሏል።»

«የእሱ ግራ ነው የእኔ ግራ?»

«የእሱ ነዋ! ሠላሳ ዓመት ጋሻ ስትሥል ከርመህ ይሄን እኔን ትጠይቃለህ?»

ኦቶኒኤል ሳቀ። አንዱን መስመር ሌላው ተከተለው። ስታወራለት የኖረችው ሁሉ፣ በየእራቱ፣ ሸሚዝ ስትዘፈዝፍ፣ ባልዲ ስትደፋ ያወራችው ሁሉ እጁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ፀሐይ ያጠበበውን ዓይን ሣለ፣ በትንባሆ የጠየመውን ጢም ሣለ። አልፈራም። እንዲህ በነፃነት ሠርቶ የሚያውቅ አይመስለውም፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በቅሎዋን ከሣለ ወዲህ። ምሳ አልበላም። ከሰልፉ አንዲት ሴት በቅጠል የተጠቀለለ ታማሌ ብትሰጠው እዚያው መሰላሉ ላይ ረሳው።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ልስኑ ቀለሙን መምጠጥ ጀመረ፤ ከእንግዲህ ምንም መጨመር አይቻልም። ኦቶኒኤል ወረደ። ጆሮው ወጣ ያለ፣ ቅንድቡ የተከፈለ፣ ወንዝ የሚጠብቅ አንድ ሰው ከግድግዳው ያያቸዋል። ኦቶኒኤል እጁን በባልዲ ታጥቦ በሸሚዙ አደረቀና ክሪሳንታን ክንዷን ይዞ አስነሣት፤ ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ወሰዳት።

«ይኸውልሽ» አላት።

ክሪሳንታ ፊቷን ቀና አደረገች። ዓይኖቿ ከአባቷ በስተግራ፣ አንድ ክንድ ያህል አልፈው፣ ምንም ያልተሣለበት ግራጫ ልስን ላይ አረፉ። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ቆዩ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለች። «ቅንድቡን እንኳ አልረሳህም።»

ኦቶኒኤል ዓይኖቿን አየ። ከዚያ የምታየውን ባዶ ልስን አየ። መቼ እንደጠፋባት አያውቅም፤ ልስኑን ሲለስን ይሁን፣ ወንበሮቹን ሲሥል ይሁን፣ ወደ መዝገብ ቤቱ ሲመላለስ ይሁን። ሊጠይቃት አልደፈረም። ራሷንም ወደ አባቷ አላዞረውም። ክንዷን እንደያዘ ቆመ።

«ደስ አለሽ?»

«ደስ አለኝ» አለች፣ አሁንም ወደዚያው እያየች። «ነገ ማንን ነው?»

«አንቺ ንገሪኝ።»

«እናቴን። ከጎኑ አቁማት።»

«አቆማታለሁ» አላት። ወደ ወንበሯ መልሶ አስቀመጣት፤ ካዞላውን አነሣና ያልተሣለበትን እርጥብ ልስን ሳይደርቅ በፊት ከዶን ናቦር ትከሻ ዙሪያ መቁረጥ ጀመረ።